ምስማር ያጣ ኮፍያ

መርከብ ወደ ውሃ የሚለቀቅበት ቀን በእንግሊዝ አገር፣ በእኛ በሰንደርላንድ፣ በዓል ነው ይላሉ። ለማን እንደሆነ እንጃ። ለእኔ ኮፍያ ጨብጦ አጥር ሥር መቆም ነበር።

የመርከብ ሠሪ ሚስት ሁሉ ይሄን ታውቃለች፤ ለማታውቁት ልንገራችሁ። መርከቡ ከመለቀቁ በፊት ወንዶቹ ሆዱ ሥር ይገባሉ። ሽብልቅ እየመቱ ክብደቱን ሞራና ሳሙና በተቀባው መንሸራተቻ ላይ ያሳርፉና፣ እስከዚያ ድረስ ተሸክመውት የቆዩትን የግንድ ጉማጆች አንድ በአንድ መትተው ያወጣሉ። ጨለማ ነው፤ ጭቃ ነው፤ በደረት መሳብ ነው። በእኛ የመርከብ መሥሪያ ግቢ ታዲያ ማንም ከመግባቱ በፊት ኮፍያውን አውልቆ፣ አጥሩ ዳር ባለችው ሳንቃ ላይ በራሱ ምስማር ይሰቅላል። ሲወጣ ያነሳል። አለቃው ሚስተር ላውዘር ስም አይጠራም፤ ሳንቃዋን ያያል። ሳንቃዋ ባዶ ከሆነች መርከቡ ሥር ሰው የለም ማለት ነው። አባቴም አያቴም ሲሠሩ የኖሩት በዚሁ ነው።

የባሌ የከዲ ምስማር ግን ተነቅሏል።

አንድ ክረምት ግቢው በሙሉ አድማ መትቶ ነበር። ልጃችን ኤዲት ደግሞ ሳንባዋን ታማ ቤቱ ውስጥ የሚነድ ከሰል እንኳ አልነበረም። ከዲ ሥራ ገባ። ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። ዛሬም ቢሆን ሂድ እለዋለሁ፤ ልጄ ይኸው በሕይወት አለች፤ የፈለገ ይፍረድብኝ! አድማው ሲያበቃ የከዲን ምስማር በጉጠት ነቅለው ወንዝ ውስጥ ጣሉት። በእኛ ወንዝ አድማ የሰበረ ሰው አይሰደብም፤ አይመታም። ዝም ይባላል። ስሙ አይጠራም፤ ሰላምታው አይመለስም፤ ሚስቱም ዳቦ ቤት ስትገባ ወሬው ይቆማል። ቢሰድቡኝ በስንት ጣዕሙ! ስድብ መልስ አለው።

ወንድሜም ከእነሱ ጋር ነበር። እናታችን ስትሞት ገና መሄድ አልጀመረም። እኔ ነኝ አዝዬ ያሳደግሁት። አፉን የፈታው «እትዬ» ብሎ ነው። ከአድማው በኋላ ግን ስምንት ወር ሙሉ አንዲት እትዬ ከአፉ አልወጣችም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ጫማውን ያያል። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው አሉ፤ እኔ ደግሞ እንደ እናት ነበርኩለት።

ስምንተኛው ወር ላይ፣ አንድ መርከብ በሚለቀቅበት ቀን ጠዋት፣ ከዲ ኮፍያውን በአጥሩ ቀዳዳ አሾልኮ ሰጠኝ። ምስማር ስለሌለው ሁልጊዜ ለእኔ ነበር የሚሰጠኝ።

«እንቺ፣ ምስማሬ» አለኝ። «ዝናብ እንዳይመታሽ፤ ትዝጊብኛለሽ።»

«አንተ ቶሎ ውጣ እንጂ እኔ አልዝግም።»

«ምን ያስቸኩለኛል? እዚያ ሥር እንኳ የሚያናግሩኝ አይጦች አሉ።»

ሳቅን። መላጣውን በእጁ ሸፈን አድርጎ እየሮጠ ሄደ። በመላጣነቱ ያፍራል፤ ኮፍያውን ሳያደርግ የጎረቤት በር እንኳ አያንኳኳም።

የባሕሩ ሙላት ወንዙን እስከ አፍ ገደፉ ሞላው። መርከብ የሚለቀቀው እሱ ሳይጎድል ነው፤ ካለፈ አለፈ። ማርሽ ባንዱ መጣ። የመርከቡ ባለቤት ልጅ፣ አበባ የታቀፈች ገና ወጣት፣ ከትልልቆቹ ሰዎች ጋር ከመርከቡ አፍንጫ ፊት ለፊት ወዳለው መድረክ ወጣች። መርከቡ ስም የለውም፤ የወይን ጠጅ ጠርሙስ አፍንጫው ላይ ሰብራ ስሙን የምታወጣለት እሷ ነች። ከሥር የመዶሻው ድምፅ እየሳሳ መጣ። ወንዶቹም ጭቃ ለብሰው እየወጡ ኮፍያቸውን ከሳንቃዋ ያነሱ ጀመር።

መጨረሻ የወጣው ወንድሜ ነው። ፊቱ አመድ መስሏል። ኮፍያውን ሲያነሳ እጄ ላይ ያለውን የከዲን ኮፍያ አየው፤ ከዚያ እኔን አየኝ፤ ከዚያ ወንዙን። ያው የተለመደው ዝምታ መሰለኝ። ሄዶ ከጓደኞቹ ጋር ቆመ።

ሳንቃዋ ባዶ ሆነች። እኔ ከዲን እጠብቃለሁ። ከዲ የለም።

ሚስተር ላውዘር ሳንቃዋን አየና፣ ሰው የለም ለማለት፣ እጁን ወደ መድረኩ አነሳ።

«ሚስተር ላውዘር! ከዲ አልወጣም! ኧረ ከዲ ሥሩ ነው!»

ሽማግሌው ዕድሜውን በሙሉ በመዶሻ ጩኸት ጆሮውን የጨረሰ ሰው ነው፤ ባንዱ ደግሞ እዚያ ያንባርቃል። ዘወር አላለም። ከጎኔ ወደቆመችው ወደ ጄኒ ፕራውድ ዞርኩ። ከዲና ባሏ አንድ ቀን ነው ሥራ የጀመሩት፤ ሁለተኛ ልጇን ያዋለድኳት እኔ ነኝ።

«ጄኒ፣ በሞቴ፣ ባልሽን ጥሪው! ከዲ አልወጣም!»

ወንዙን ታያለች። ሰምታለች፤ ጆሮዋ ቲማቲም መስሎ ሲቀላ አየሁት እኮ! ሻርፗን ያዝኩት። ቀስ ብላ ከጣቴ አላቀቀችና ትከሻዋ ላይ አስተካከለችው። ከወዲያ ጎኔ ያለችውን ሴት ያዝኩ፤ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ! ከፊቴ አጥር፣ ከኋላዬ ሰው፣ መተላለፊያ የለ። እጮሃለሁ፤ ድምፄ ይወጣል፤ ግን እንዳልጮህኩ ነው። ወደ ወንድሜም ጮህኩ። ስሙን ጠርቼ ጮህኩ። አንገቱን ደፋ።

የመጨረሻዎቹን ድጋፎች ሲመቱ ሰማሁ። ከዚህ በኋላ መርከቡን የሚይዘው አንዲት መቀርቀሪያ ብቻ ናት፤ መቀርቀሪያዋ ጋ የቆመው ሰው ደግሞ የጠርሙሱን መሰበር ነው የሚጠብቀው። ያልተሰየመ መርከብ በእኛ ወንዝ ተለቅቆ አያውቅም። ሞተን እንገኛለን እንጂ አንለቅም።

ኮፍያውን በጥርሴ ነክሼ አጥሩ ላይ ወጣሁ። ቀሚሴ ከወገቤ እስከ ታች ተተረተረ፤ ይተርተር! መድረኩን በከለለው ገመድ ሥር ሾልኬ ሮጥኩ። መድረኩ ደረጃ ሥር አንድ ፖሊስ ክንዴን ያዘኝና «ወዴት ነው፣ እመቤት?» አለኝ። ክርኔን ሆዱ ውስጥ ሰነቀርኩለት። ከላይ ስደርስ ልጅቷ በጥብጣብ የተንጠለጠለውን ጠርሙስ አንስታ መናገር ጀምራለች። ከእጇ መንጭቄ ደረቴ ላይ ታቀፍኩት። ከኋላዋ የቆሙት ሴቶች ጮኹ።

«ይቺን እብድ አውርዱልኝ!» አለ የግቢው ሥራ አስኪያጅ። «ውሃው እየጎደለ ነው!»

«ባሌ ሥሩ ነው» አልኩ። «ይኸው ኮፍያው። አልወጣም።»

«ሳንቃዋ ባዶ ናት፣ ሴትዮ!»

«ምስማር የለውማ! ነቅለውበታል! ምስማሩ እኔ ነኝ!»

ምን እንደምል አልገባቸውም፤ እንዴትስ ይግባቸው? ሁለት ሰዎች በብብቴ ገብተው አነሱኝ። ያን ጊዜ ልጅቷ አበባዋን መሬት ላይ ጣለችና እጄን ያዘች።

«ቆዩ፣ ልቀቋት። ባልሽ ማን ይባላል?»

ስምንት ወር ሙሉ ማንም ምንም ጠይቆኝ አያውቅም። የእኛን ዝምታ አታውቅማ፣ ከሌላ አገር የመጣች ልጅ ናት። እንባዬ ቀደመኝ።

«ኩትበርት» አልኩ። «ሲያጥር ከዲ። ከዲ ሄድሊ።»

በዚያች ቀጭን ድምፅዋ፣ በመድረኩ መከታ ብረት ላይ ተንጠልጥላ «ከዲ ሄድሊ የሚባል ሰው ከሥር አለ! ከዲ ሄድሊ!» እያለች ጮኸች። ባንዱ አንድ በአንድ ቆመ፤ መጨረሻ ላይ ከበሮው ብቻውን ቀርቶ እሱም አፈረ። ስሙ በግቢው ውስጥ ሲጠራ ሰዎቹ ሲሸማቀቁ ከላይ ሆኜ አየሁ።

ወዲያው ከመሃላቸው አንድ ሰው ወጥቶ ሮጠ። ወንድሜ ነው! መጥረቢያ ነጥቆ፣ ኮፍያውን ወርውሮ፣ በግራ በኩል ከመርከቡ ወገብ ሥር ገባ። አላመነታም፤ ወዲያ ወዲህ አላለም። ሌሎቹም ተከተሉት። መጥረቢያው ግንድ ሲፈልጥ ይሰማኛል። መርከቡ ያቃስታል። በእያንዳንዱ ምት መርከቡን የምትይዘው ያቺ አንዲት መቀርቀሪያ ናት፤ ጠርሙሱን አቅፌ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ደባልቄ አነበነብኩ።

ጎትተው አወጡት። ጉማጁ ተንከባሎ እግሩን ከጉልበቱ በታች ይዞት ነበር። መላጣው ደም በደም ሆኗል፤ ዓይኑ ግን ተከፍቷል። ልጅቷ ጣቶቼን አንድ በአንድ ከጠርሙሱ ላይ ነቀለቻቸው። መርከቡ ተሰይሞ ሲወርድ ሕዝቡ ሲጮህ ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን ከመድረኩ ወርጄ ኮፍያውን ከዲ ራስ ላይ እያደረግሁለት ነበር።

ከዚያማ ጉድ ነው! ቤቴ ሰው በሰው ሆነ። ጄኒ ፕራውድ ሾርባ ይዛ መጣች፤ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «የኔ ቆንጆ፣ እንኳን እግዜር አተረፈልሽ!» አለች። ዳቦ ቤቱ ዳቦ ላከ። ስምንት ወር የተቆለፈ አፍ ሁሉ ባንዴ ተከፈተ፤ ወሬያቸውም ወንድሜ ነው፤ «ጀግና ነው! ሞት አፍ ውስጥ ገብቶ አወጣው!» እኔም ከእነሱ ብሼ አወራሁ። ከዲ ብቻ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ለጠየቀው ሁሉ አይመልስም። ሕመሙ ነው ብዬ ተውኩት።

እሁድ ወንድሜ መጣ። አዲስ የነሐስ ምስማር በወረቀት ጠቅልሎ ይዟል።

«እትዬ» አለ በሩ ላይ።

አቤት! ያቺን ቃል እንዴት እንደናፈቅኋት! ጎትቼ አስገባሁት፤ አቅፌ አለቀስኩ፤ የበግ ወጡን ከነድንቹ አቀረብኩለት። ሲበላ እያየሁ፣ ደስታ አሞኝቶኝ፣ ወሬ ለማሳመር ያህል ጠየቅሁት።

«እኔ የምለው፣ ያ መርከብ እንደ መንገድ ነው ርዝመቱ። ጨለማ ነው። ከዲ የት እንዳለ ማንም አልነገረህ። እንዴት አድርገህ ባንዴ ደረስክበት?»

ማንኪያው ቆመ። ኤዲትን ውጪ ሂጂ ተጫወቺ አልኳት፤ ለምን እንደሆነ እንጃ። ያን ጊዜ ከአልጋው ላይ የከዲ ድምፅ መጣ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

«ንገራት እንጂ።»

ወንድሜ ሳህኑ ላይ እንዳቀረቀረ ነው። «ጠራኝ» አለ።

«መቼ?»

«ስወጣ። አጠገቡ ነበርኩ። እግሬን ያዘኝ፣ አውጣኝ አለ።»

«አንተስ?»

«ፕራውድ ከኋላዬ ነበር፣ እትዬ። ሁሉም ነበሩ። ካናገርኩት እኔም እንደሱ… ሌላ ሰው ይናገራል አልኩ። ስወጣ አንቺን አየሁሽ፤ ኮፍያውን ይዘሻል። እትዬ ትናገራለች አልኩ።»

«ተናግሬ ነበር! ስምህን ጠርቼ ጮህኩ እኮ!»

«ሰምቼሻለሁ» አለ።

ድስቱን አንስቼ ልወረውረው ፈለግሁ፤ ደረቴ ላይ ለጥፌ ላለቅስለትም ፈለግሁ፤ ሁለቱንም አላደረግሁም። ከዲ ከአልጋው «ብላ፣ ይቀዘቅዛል» አለው። እግሩ ከዚያ ወዲያ አልተቃናም፤ መርከብ ሥር አልገባም። የነሐሱን ምስማር ሰዎቹ ሳንቃዋ ላይ መቱለት፤ እስከ ዛሬ አለ፤ የሚሰቀልበት ግን የለም። ኮፍያው ቤት ነው።

ወንድሜ እሁድ እሁድ ይመጣል። ከሰል ይሰብራል፤ ከዲን ደግፎ ደጅ ያወጣል፤ ኤዲትም ትወደዋለች። እህል ከልክዬው አላውቅም። ግን ይሄን ሁሉ ሳወራ የሰው ሁሉ ስም ጠርቼ የለ? የሱን ሰማችሁ? የአባታችን ስም ነው የወጣለት፤ ያወጣሁለትም እኔ ነኝ። ስንቴ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ተመልሷል፤ ያን ቀን አጥሩ ሥር የጠራሁት መጨረሻዬ ሆነ። እሱ ገብቶ «እትዬ» ይላል። እኔ ሳህኑን አስቀምጥለታለሁ።