አሥራ አንደኛው ፊርማ

በእኛ የጥናት ክፍል፣ በሚታተም ጽሑፍ ላይ ስም የሚሰለፈው እንደ ወንበሩ ነው። ትልቅ ወንበር ያለው ከፊት፣ አነስ ያለ ወንበር ያለው ከኋላ፤ እኔ የምቀመጥባት የፕላስቲክ ወንበር ስለሆነች ከምስጋናው ገጽ አልፌ አላውቅም። እዚያም ቢሆን ተራዬ የሚደርሰው ሾፌሩ ከተመሰገነ በኋላ ነው። ባልደረቦቼ ሞተሩ ይሉኛል። ሥራው የሚንቀሳቀሰው በእኔ ነው ማለታቸው ነው፤ ሞተር ደግሞ ኮፈኑ ካልተከፈተ አይታይም። መጀመሪያ ሰሞን ያስቀኝ ነበር። ኋላ ያናድደኝ ጀመር። አሁን ሞተሩ ሲሉኝ አቤት እላለሁ።

የመጨረሻው ጥናታችን በግንባታ ፈቃድ አሰጣጥ ላይ ሙስናን አስቀድሞ ስለመከላከል ነበር። ጥናታችን ያልኩት ከልማድ ነው። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ አምስት ወር የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ፋይል ከየትኛው ጠረጴዛ ተነስቶ የት እንደሚያድር የተከታተልኩት፣ አሥራ አንድ ሠራተኞችን ያነጋገርኩት፣ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እስከ መጨረሻው ሠንጠረዥ የጻፍኩትም እኔው ነኝ። ጽሑፉ ወደ መጽሔቱ ሲላክ ግን የአምስት ሰው ስም ነበረበት። አንደኛ ፕሮፌሰሩ፤ ሁለተኛ የክፍሉ ኃላፊ፤ ሦስተኛ ጡረታ የወጡት የቀድሞው ኃላፊ፣ ለውለታቸው፤ አራተኛ መኪና ያስፈቀደልን ሰው። አምስተኛው ምን እንደሠራ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ስሜ እንዲገባ ለዚህኛውም ጠይቄ ነበር። ቋሚ የተመራማሪነት ቦታ ተከፍቷል፤ ለመወዳደር በስም የወጣ ቢያንስ አንድ ጽሑፍ ያስፈልጋል። የእኔ ኮንትራት በወሩ መጨረሻ ያልቃል፤ ከእንግዲህ እንደማይታደስም ተነግሮኛል። ፕሮፌሰሩ ሳይቆጡ አዳመጡኝና በሚቀጥለው እናስገባሃለን አሉ። በሚቀጥለው ስባል ይህ ሦስተኛዬ ነው። የምኖረው ልብስ ከምትሰፋ ታላቅ እህቴ ጋር ነው። ከሥራ ስገባ እታለም ክሩን በጥርሷ እንደያዘች በቅንድቧ ትጠይቀኛለች፤ እኔም ራሴን እወዘውዛለሁ። ከዚያ በላይ አናወራበትም።

ከዚያ ከመጽሔቱ ደብዳቤ መጣ። ገምጋሚዎቹ ጽሑፉን ወደውታል፤ በተለይ ስድስተኛውን ክፍል። የቀራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቃለ መጠይቅ የተደረገላቸው ሰዎች የፈረሙበትን የፈቃደኝነት ቅጽ ማየት ይፈልጋሉ። የቢሮው ጸሐፊ ቅጾቹን ከመሳቢያዬ ወሰደች፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ተመልሳ ፕሮፌሰሩ ይፈልጉሃል አለችኝ። በአሥራ አንዱም ቅጽ ላይ፣ የሚያነጋግረኝ ተመራማሪ በሚለው መስመር፣ የእኔ ሙሉ ስም ሰፍሯል። ስሜን ከጽሑፉ ላይ ሲያስቀሩ ቅጹን ያስታወሰ አልነበረም። ከአምስቱ አንዳቸውም ቅጹን አይተውት አያውቁማ።

ያኔ ስድስተኛ አድርገው ይጨምሩኛል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ደረጃውን ወጥቼ እስክጨርስ ድረስ ነው ተስፋ ያደረግሁት። ፕሮፌሰሩ ነገሩን አስበውበት ጠበቁኝ። ስም ለመጨመር አምስቱም ሰዎች ፈርመው፣ ስሜ መጀመሪያ ለምን እንደቀረ በጽሑፍ ማስረዳት አለባቸው። ያ ደግሞ የክፍሉን ስም ያጎድፋል አሉ። ከስም ዝርዝሩ ይልቅ ቅጹን ማስተካከል ይቀላል። በእሳቸው ስም አዲስ ቅጽ ይታተማል፤ እኔ ሰዎቹ ዘንድ እየሄድኩ አስፈርማለሁ፤ የሚጻፈው ቀን ግን የአምናው ይሆናል።

"ሰዎቹ የተናገሩት ያው የተናገሩት ነው፤ የሚቀየር ነገር የለም" አሉኝ። "አንተም አትጎዳም። ከተረፈው መረጃ ሁለተኛውን ጽሑፍ ብቻህን አውጣው። ሊታተም ነው ብዬ ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ፤ ለቦታው ይበቃሃል።"

ጉቦ እንዴት እንደሚሰጥ አምስት ወር አጥንቻለሁ። የሰውን የገዛ ሥራውን መልሶ በጉቦ መልክ መስጠት ግን ከሠንጠረዦቼ በአንዱም ውስጥ አልነበረም። መናደድ እንዳለብኝ ገብቶኛል። ንዴቱን ጠበቅሁት፤ አልመጣም። እሺ ፕሮፌሰር አልኩና ወጥቼ ማተሚያው ጋ ወረፋ ያዝኩ።

አሥሩን በሁለት ቀን ጨረስኩ። አንዱ ስልክ እያወራ ፈረመልኝ። አንዷ ምን እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ ስንት ቦታ ነው የምፈርመው አለችኝ። አንድ መሐንዲስ ብቻ ስሙን አይቶ አንተ አልነበርክም እንዴ ሲል ጠየቀ፤ አለቃዬ ናቸው አልኩት፤ እሱም "እ" ብሎ ፈረመ። ሁሉም በእርሳስ ምልክት ያደረግሁበት ቦታ ላይ ያልኳቸውን ቀን ጻፉ።

የዚያን ዕለት እታለም በቅንድቧ ስትጠይቀኝ ሳይሳካ አይቀርም አልኳት። ጨርቁን አስቀምጣ ተነሳችና አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። ለውድድሩ ቀን ኮት እሰፋልሃለሁ ብላ ያኔውኑ ትከሻዬን ለካች። እጄን አንሳ ስትለኝ አነሳሁ፤ ዙር ስትለኝ ዞርኩ። ደስ ብሏታል፤ እኔም ደስ እንዲለኝ ሞክሬ ነበር።

አሥራ አንደኛዋን ሆን ብዬ ነው ለመጨረሻ ያቆየኋቸው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ ለጡረታ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ እማማ መዝገብ የሚላቸው። ገምጋሚዎቹ የወደዱት ስድስተኛው ክፍል የእሳቸው ቃል ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከላይኛው መደርደሪያ ፋይል ሳወርድላቸው ከቆየሁ በኋላ፣ አንድ ቀን በሩን ዘግተው መዝገቡን ገለጡልኝ። በየገጹ ግርጌ ሁለት መስመር ባዶ ይተዋል። ሰነዱ ሳይሟላ ፈቃድ የተሰጠው ሰው ከወራት በኋላ የጎደለውን ወረቀት ይዞ ሲመጣ፣ አለቃ ደውሎ አስገቢለት ይላል፤ እሳቸውም ባዶዋን መስመር ፈልገው ወረቀቱ በጊዜው እንደገባ አድርገው ይመዘግባሉ። ሃያ ዓመት እንዲህ ሠርተዋል። ለባላቸው እንኳ ተናግረውት እንደማያውቁ፣ ለእኔም የሚነግሩኝ የምጽፈው እኔ ከሆንኩ ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ። የምጽፈው እኔ ነኝ አልኳቸው። አልዋሸሁም፤ የጻፍኩትማ እኔ ነኝ።

ከምሳ በኋላ ስገባ ልጄ መጣህ ብለው ወንበር ሳቡልኝ። ስለ መጽሔቱ ደንብ፣ ስለ አሠራር ማስተካከያ ምናምን የምላቸውን አዘጋጅቼ ነበር። ወረቀቱን ሳቀብላቸው ግን መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸው ማንበብ ጀመሩ። የፕሮፌሰሩ ስም ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። ከዚያ የእርሳስ ምልክቷን አዩና ጣታቸውን አሳረፉባት።

"የአምና ቀን ነው አይደል?" አሉኝ።

"አዎ።"

"ወሩስ?"

ነገርኳቸው። በእጃቸው የነበረውን ብዕር አስቀመጡና መሳቢያቸውን ፈትሸው ቀለሙ የደበዘዘ ሌላ ብዕር አወጡ። ደማቅ ቀለም ያስታውቃል አሉኝ፤ አዲስ ተቀጣሪ እንደሚያሠለጥን ሰው ረጋ ብለው። ፈረሙ፤ ቀኑን ጻፉ። ቀጥለው ከቦርሳቸው ለአራት የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የመጀመሪያው ቅጽ ኮፒ ነው፣ የእኔ ስም ያለበት። ኮፒ አድርገው መያዛቸውን አላውቅም ነበር።

"ይሄንንም ውሰደው። ሁለቱ አንድ ላይ መገኘት የለባቸውም።"

ይቅርታ ልላቸው ፈልጌ ነበር። ከአፌ የወጣው አመሰግናለሁ ነው። መነጽራቸውን አውልቀው ትንሽ አዩኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልተቆጡም።

"ያንን ለአንተ ነገርኩህ" አሉ። "ይሄንንስ ለማን ልንገር?"

ወጥቼ ደረጃው ላይ ቆምኩና፣ ጸሐፊዋ ጎደለ ብላ እንዳትመልሰኝ፣ አሥራ አንዱንም ቅጽ አንድ በአንድ አየሁ። ፊርማው ሁሉ ተሟልቷል። ቀኑም ትክክል ነው።