ወንድሜ ያስተካከለው ቀለም

ታናሽ ወንድሜ ኮምፒውተሬን እንዳይነካ ስንቴ ተናገርኩ! የፊልም ቀለምና ብርሃን የማስተካክለው እኔ ነኝ። እሱ ዳይሬክተር ነው፤ ያውም ገና የመጀመሪያ ፊልሙ። ዳይሬክተር ካሜራው ጋ ይጩህ እንጂ የሰው ዕቃ ምን አስነካው?

ፊልሙ የፍቅር ነበር። ልጁ አበባ ይዞ ልጅቷ ቤት ይሄዳል፣ እናትየው ሻይ ያቀርቡለታል፣ ይወዱታል፣ በቃ። ለእናትነት የምትሆን ተዋናይ ስትጠፋ ወንድሜ የእጮኛውን እናት ለመናቸው። ጡረታ የወጡ የሂሳብ አስተማሪ ናቸው። ወንድሜን ዓይኑን ማየት አይፈልጉም ነበር። "እሺ እሠራለሁ" አሉ፤ "ግን ሰው ፊልምህን ካልወደደው ልጄን እርሳት፤ ለሥራ ፈት አልድርም።" ወንድሜ ደግሞ ያለ ልጅቷ መኖር አይችልም፤ አሳምሬ አውቀዋለሁ።

እኔም ተጠብቤ ሁሉን ነገር ሞቅ ባለ ቀለም ሠራሁት። ግድግዳው የጠዋት ፀሐይ የነካው መሰለ፣ የሴትዮዋ ፊት እንኳ ለሰለሰ። ከዚያ ጥርሴን ልነቀል ሄድኩ። ምነው በዚያን ቀን እግሬን በሰበረው!

ወንድሜ ዓይኑን አመመውና ስክሪኑን ዓይን የሚያሳርፈው ቢጫ ብርሃን ላይ አደረገው። ቀጥሎ ፊልሙን ሲያየው ቢጫ ነው! ቢጫ ያደረገው ስክሪኑ መሆኑን ረስቶ ፊልሙ ላይ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ጨመረበት። ጥላውንም አጠቆረው፤ ጥልቀት ይኑረው ብሎ። ጥልቀት ይዋጠውና! ለሲኒማ ቤቱም ራሱ አስረከበው። እኔ ጉንጬ አብጦ አዳራሽ ስገባ ይህን ሁሉ አላውቅም።

ፊልሙ ሲጀመር ክው አልኩ። ቀዩ አበባ የደረቀ ደም መስሏል። ልጁ በሩን ሲያንኳኳ ከኋላዬ አንዷ "አትግባ!" ብላ ጮኸች።

"ምን አድርገህብኝ ነው?" አልኩት ወንድሜን።

"ቢጫ ሆኖብኝ... ትንሽ አስተካከልኩት።"

"ቢጫ ያድርግህ!"

በሩ ተከፈተ፤ ሴትዮዋ ብቅ አሉ። ዓይናቸው ያለበት ቦታ ጨለማ ነው፣ ከንፈራቸው ወይን ጠጅ ሆኗል። "ግባ ልጄ፣ ስንጠብቅህ ነበር" ሲሉ አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። ሻዩን ሲያቀርቡለትማ "እንዳትጠጣ! ኧረ እንዳትጠጣ!" እያሉ ተነሥተው ቆሙ። መጨረሻ ላይ ግንባሩን ሲስሙት አንዱ ጎረምሳ ፈንዲሻውን በትኖ ወጣ።

"አለቀልኝ" አለ ወንድሜ። እጄን አፈፍ አድርጎ ያዘኝ። ልቆጣው የተዘጋጀሁት እህቱ ቁጣዬን ትቼ እጁን መልሼ ያዝኩት።

መብራቱ ሲበራ ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣ ደረሰ። ሕዝቡ ሴትዮዋን ከበባቸው፤ "እትዬ፣ ዛሬማ እንቅልፍ የለኝም!" እያለ አብሯቸው ፎቶ ይነሣል። እሳቸው ሰውን በክርናቸው እየገፉ ቀጥ ብለው ወደኛ መጡ።

"የፍቅር ፊልም አልነበረም እንዴ ይሄ?" አሉ ፊታቸውን አጥቁረው። "ይሄ ቀለም በስህተት ነው ወይስ ታስቦበት?"

ወንድሜ፣ የዋሁ፣ እውነቱን ሊዘረግፍ አፉን ሲከፍት ጎኑን ቆነጠጥኩት። ሙያዬን ለእሱ መስጠቱ እንደ ሬት ቢመረኝም ዋጥኩት።

"ታስቦበት ነው እትዬ" አልኩ ዓይኔን በጨው አጥቤ። "ቀለሙንም ራሱ ነው ያስተካከለው።"

ከላይ እስከ ታች አዩት። "ዕድሜ ልኬን ተማሪ ሳስፈራራ ኖሬ" አሉ፣ "አንድም እንዲህ የጮኸልኝ የለም! ልጄን ውሰዳት። በሚቀጥለው ፊልም ግን የእናትየውን ቦታ ለሌላ ሴት ብትሰጥ ወዮልህ!"

ወንድሜ፣ መብራቱ ቦግ ብሎ በርቶ ሳለ፣ ሴትዮዋ ምንም ሰማያዊ ሳይጨመርባቸው፣ ከጀርባዬ ተደበቀ።