አራተኛ ዲቪዚዮን

ሰይፈሥላሴ ልጁ ዳኒ እንግሊዝ አገር ተከላካይ ሆኖ እንደሚጫወት አሜሪካ ፌርፋክስ ለሚኖረው አበሻ ሁሉ ሲያወራ፣ አራተኛ ዲቪዚዮን መሆኑን ግን ዋጥ አድርጎ ኖሯል። ታክሲ ነጂ ብለው የናቁት ሁሉ ፕሪሚየር ሊግ መስሏቸው ይቃጠሉ!

ቅዳሜ ጠዋት አበሾቹ የሚሰበሰቡበት ምግብ ቤት ሲገባ፣ ሁልጊዜ የሚያበሽቀው ብርሃኑ፣ «ሰይፉ፣ ና! የዳኒን ጨዋታ ልናይ ነው» አለው።

ሰይፈሥላሴ ፊታቸው ተገተረ። «በቲቪ አይተላለፍም።»

«አራተኛ ዲቪዚዮንን ማን በቲቪ ያሳያል? በስልክ ነው እንጂ!»

«ታውቁ ነበር?»

«ሦስት ዓመት ሙሉ! ስትጎርር ደስ ስለሚልህ ተውንህ። ቁጭ በል፣ አትከልለን!»

ሰይፈሥላሴ ቅልል ብሎት ወንበር ሳበ። እስከ ዛሬ የልጁን ጨዋታ ታክሲው ውስጥ ተደብቆ፣ ብቻውን ነበር የሚያየው። ዳኒ ኳሷን በግንባሩ ገጭቶ ሲያወጣት ከሁሉም በላይ የጮኸው ብርሃኑ ነበር።