ጨርቅ የለበሰው ስልክ

ሎታር ወንበሩን ወደ ኋላ ለጠጥ አድርጎ ተቀምጦ፣ ዲትማር ኮተሪትስ የአንድ አሮጌ የመስክ ስልክ ሳጥን በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ሲያሽ ይመለከታል።

«ደግሞ ጀመረህ» አለው። «ሚስትህ በሕይወት ብትኖር ኖሮ በቅናት ትሞት ነበር።»

«ዝም በል እስቲ። ሽታው እስኪወጣ ነው።»

ዲትማር ሳጥኑን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። በጦርነቱ ዘመን የተሠራ ባክላይት፣ ያ ጥቁር ጠንካራ ፕላስቲክ፣ በጣት ታሽቶ ሲሞቅ እንደ ድሮ ሆስፒታል መተላለፊያ ይሸታል። ይኼኛው ምንም አልሸተተውም። ብሎኖቹን በእጅ ባትሪ አየና ሳጥኑን ወደ ጠረጴዛው ጥግ ገፋው።

«ከሸሚዜ በዕድሜ ያንሳል።»

«ባለቤቱ እኮ አያቴ ከምሥራቅ ግንባር በጀርባቸው ተሸክመው ያመጡት ነው ብሎ ምሏል።»

«እንግዲያው አያቱ ብርቱ ሰው ነበሩ። ገና ሳይሠራ ነው የተሸከሙት።»

ሎታር እስኪያስለው ሳቀ። ሎታር የኦበርሮዳ ከተማን ትንሽ ሙዚየም የሚያስተዳድር፣ የዲትማር የልጅነት ጓደኛ ነው። ዲትማር ደግሞ ከቴሌፎን መሥሪያ ቤት በጡረታ ከወጣ ጀምሮ ሥራው ይኸው ነው። ከአገሪቱ ዳርቻ ሁሉ የጦርነት ዘመን ስልኮች ይላኩለታል፤ እውነተኛውን ከአስመሳዩ ይለያል፣ ምስክር ወረቀት ይጽፋል። ስለዚሁ ሥራ ያሳተማት ቀጭን መጽሐፍም በሰብሳቢዎች ዘንድ እንደ ሕግ ትቆጠራለች።

«ለማንኛውም» አለ ሎታር ኮቱን እየለበሰ፣ «እሑድ ሙዚየሙ ውስጥ የአባትህን መታሰቢያ ክፍል እንከፍታለን፤ ከንቲባዋም ትመጣለች። ወጥ ቤት ያለውን ስልካቸውን ዓርብ መጥቼ እወስዳለሁ። ያንን አሮጌ ጨርቅ ግን አውልቅለት፤ ሙሽራ አስመሰልከው።»

«እናቴ ናት ያለበሰችው። ለአቧራ ብላ።»

«አሁን ወደ ማተሚያ ቤት ነው የምሄደው። የክፍሉ ሰሌዳ ከመታተሙ በፊት ልክ በዐሥር ሰዓት እደውልልሃለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ‹እሺ› በለኝ፣ ያልቃል።»

በሰሌዳው ላይ ስለ አባቱ የሚታተመውን ጽሑፍ የጻፈው ራሱ ዲትማር ነው፦ ኦስቫልድ ኮተሪትስ፤ በጦርነቱ ዓመታት ሁሉ፣ ከታመሙበት አንድ ክረምት በቀር፣ ከከተማችን ሳይለዩ የስልክ መስመራችንን የጠበቁ ሰው።

የበሩ ደወል ጮኸ። ደጃፉ ላይ አርባ አምስት ዓመት የሚሆናት፣ ግራጫ ካፖርት የለበሰች ሴት ቆማ ነበር። ከኋላዋ የኅዳር ጉም መንገዱን ሸፍኖታል። ከቤላሩስ ደብዳቤ ጽፋ ቀጠሮ የያዘችው ታይሳ ሃይዱክ ነበረች። በእጇ ከበድ ያለ የሸራ ከረጢት ይዛለች።

«ይጠንቀቁ፣ ወይዘሮ» አላት ሎታር በአጠገቧ ሲወጣ። «ይኼ ሰው እኔንም ካሸተተኝ አስመሳይ ነው ማለቱ አይቀርም።»

«እውነቱን ለመስማት ነው የመጣሁት» አለች። ጀርመንኛዋ ዝግ ያለ ነው፤ ስሕተት ግን የለበትም።

ዲትማር ስልኩን ከከረጢቱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። የሳጥኑ አንዱ ማዕዘን በሙቀት ተልጧል። በአውራ ጣቱ አሸውና አሸተተ፤ የድሮው ሆስፒታል ሽታ ወዲያው መጣ። ክዳኑን ከፈተ። «ጠላት ያዳምጣል» የሚለው ወረቀት ቢጫ ሆኖ እንደተለጠፈ አለ። በፋብሪካው ስም ምትክ የሚታተሙት ሦስት ፊደላት በቦታቸው ናቸው። የብሎኖቹ ቀለም አልተነካም። የመደወያውን እጀታ ሲያዞር እንደ ጥንቱ እጅ ላይ ከበድ አለው። እንዲህ ያለ ንጹሕ ስልክ ካየ ዓመታት አልፈዋል፤ ሳያስበው ፈገግ አለ።

«ከየት አገኙት?»

«ከአያቴ ድንች ማስቀመጫ ጉድጓድ። ከቤቱ የተረፈው ጉድጓዱ ብቻ ነው። ከመንደሩም ጭምር።»

«መቼ ነው?» አለ በዝቅታ።

«በአርባ ሦስት፣ በየካቲት።»

አራቱን ብሎኖች ፈቶ የውስጡን አካል ከሳጥኑ አወጣ። የሳጥኑን የውስጥ ግድግዳ በባትሪ ሲያበራ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አየ፦ 17.2.43። ከጎኑ አንዲት ፊደል አለች። የታችኛው እግሯ ተጎትቶ ቀኑን ከሥር ያሰምረዋል።

እጁ ባለበት ቀረ።

የዚያን ጊዜ ጠጋኞች አንድን ስልክ ከፈተሹ በኋላ ውስጡ ቀኑንና የቤተሰብ ስማቸውን የመጀመሪያ ፊደል ይጽፉ ነበር። ልማዱን ያስተማሩት አባቱ ናቸው። እሱም እስከ ዛሬ ያየውን እውነተኛ ስልክ ሁሉ ውስጡን በእርሳስ ሳይፈርምበት አያሰናብትም። ፊደሏን እግሯን ጎትቶ መጻፍ የተማረው በሰባት ዓመቱ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ የአባቱ እጅ እጁን ይዞ እየመራው ነው። በዚያው ክረምት፣ አርባ ሦስት በገባበት፣ አባቱ ከገና እስከ ፋሲካ ሃለ ከተማ በሳንባ ሕመም ተኝተው ነበር። እናቱ እንደዚያ ነበር የነገረችው። እሱም ለሎታር የነገረው እንደዚያ ነው።

«ምን አገኙ?» አለች ታይሳ።

«እርሳሱ…» ባትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «እርሳሱ የቅርብ ጊዜ ነው። ስልኩ ተፈላጊ እንዲሆን አንዱ የጨመረው ነው።»

«ሳጥኑስ?»

«ሳጥኑም ያጠራጥራል።»

«ሲያሸቱት ግን ደስ ብሎዎት ነበር።»

ዲትማር ብሎኖቹን በጣቱ ደረደረ።

«መጽሐፍዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ» አለች ሴትየዋ፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ። «ድምፅ ሳያልፍበት በስልክ ላይ አይፈረድም ብለው ጽፈዋል። ፈተናው ገና አላለቀማ።»

ከፊቱ ዞር ብትልለት ደስታው ነበር። የውስጡን አካል መልሶ ወደ ሳጥኑ ሳይከት መስመሩን አያያዘ። «ሌላው ጫፍ ወጥ ቤት ነው፤ መስመሩ ተዘርግቷል። ስልኩ ጨርቅ ለብሷል፣ ጨርቁን ያንሡት። እጀታውን ያዙሩና ይደውሉ። መያዣው ላይ ያለውን ቁልፍ የሚጫኑት ሲናገሩ ብቻ ነው፤ ካልተጫኑት መስማት እንጂ መናገር አይቻልም። ብዙ ሰው እስከ ዐሥር ይቆጥራል።»

እርምጃዋ በመተላለፊያው ሲርቅ መሳቢያውን ከፍቶ ላጲስ አወጣ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ላጲሱን ወደ ፊደሏ አስጠጋ። ሴትየዋ ግን አትደውልም። ከወጥ ቤቱ ኮሽታ እንኳ አይሰማም። ምን እያደረገች ነው?

ደወሉ ድንገት ሲጮኽ ላጲሱ ከእጁ ሊያመልጥ ምንም አልቀረውም። መያዣውን አንሥቶ ጆሮው ላይ አደረገ።

«አንድ» አለች ታይሳ። ድምፅዋ ጥርት ብሎ መጣ። «ሁለት። ሦስት።» መቁጠሯን አቆመች። «ጨርቁን አነሣሁት፣ አቶ ኮተሪትስ።»

እሱ ቁልፉን አልተጫነም።

«አያቴ ስለዚህ ፎጣ ስትነግረኝ ነው ያደግኩት። ስድስት ቀይ ዶሮዎች ጠልፋበት ነበር። የመጨረሻው ላይ ቀይ ክር አለቀባትና ጅራቱን በጥቁር ጨረሰችው። ይኸው ፊቴ ነው።»

ዲትማር ለማየት መሄድ አላስፈለገውም። ልጅ ሆኖ ያ ዶሮ ለምን ጥቁር ጅራት እንዳለው እናቱን ጠይቋታል። ድንቹን ልጣ እስክትጨርስ አልመለሰችለትም፤ ከዚያም ሌላ ነገር አወራችለት።

«የጀርመን ጦር የስልክ ሠራተኛው አምስት ቀን እኛ ቤት አደረ። ትሑት ነበር፤ ሲገባ ጫማውን ይጠርጋል። ለእናቴ ስኳር ይሰጣታል፤ ያኔ ሕፃን ነበረች። በስድስተኛው ቀን ስልኩ ጮኸ። አዳመጠ፤ ‹ገብቶኛል› አለ። በሩን ከፍቶ ውጪ ለነበሩት ወታደሮች የሰማውን ነገራቸው። ከዚያ ተመልሶ አያቴንና እናቴን ወደ ድንቹ ጉድጓድ አስገባቸው። መስመሩን ቆርጦ ስልኩንም ከኋላቸው ወረወረው፣ ክዳኑን ዘጋው። ሊያተርፋቸው ነው? ወይስ ላያያቸው ነው? አያቴ እስክትሞት አላወቀችም። በሁለተኛው ቀን ሲወጡ የቀረ ሰው አልነበረም። ሰማንያ አራት ሰዎች ነበሩ፣ የእህል መጋዘን ውስጥ የተቃጠሉ።»

ሽቦው ላይ ሳር እንደሚቃጠል ያለ ቀጭን ድምፅ ያንሿሿል። ሁልጊዜ የሚሰማ ነው፤ ዲትማር ግን ዛሬ መያዣውን ከጆሮው ራቅ ሊያደርገው ዳዳው።

«በመጽሐፍዎ ገጽ አርባ አንድ ላይ የአባትዎን መዝገብ አሳትመዋል፣ የጠጋኝ ፊርማ ምን እንደሚመስል ለማሳየት። ባለ ረጅም እግሯን ፊደል። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ እዚህ ሳጥን ውስጥ ነው የማውቃት። የመጣሁት እሷን ይዤ ነው፤ ፎጣው እዚህ እንደሚጠብቀኝ አላወቅኩም ነበር።» ትንፋሽዋ ተሰማ። «ይሰማዎታል?»

ቁልፉ ከአውራ ጣቱ ሥር ነበር። ካልተጫነው ሴትየዋ ሁለት ሦስት ጊዜ ትጣራለች፣ ከዚያ ተስፋ ቆርጣ ትመለሳለች። ወረቀቱ ላይ «ድምፅ አያስተላልፍም» ብሎ ይጽፋል፤ ላጲሱም የቀረውን ይጨርሳል። እሑድ ክፍሉ ይከፈታል።

«አቶ ኮተሪትስ፣ ይሰማዎታል?»

ከፊቱ የተከፈተው ሳጥን ውስጥ የባትሪው ብርሃን ፊደሏ ላይ አርፏል። በሰባት ዓመቱ እጁን የመራው ያ እጅ እንዴት ሞቃት እንደነበር ትዝ አለው።

ቁልፉን ተጫነ።

«ይሰማኛል» አለ። «እውነተኛ ነው።»

«ስልኩ?»

«ስልኩም። እርሳሱም።» ላጲሱን ከእጁ አኖረ። «የአባቴ እጅ ነው።»

በወዲያኛው ጫፍ መያዣው በቀስታ ሲቀመጥ ሰማ። ላጲሱን ወደ መሳቢያው መልሶ እርሳሱን አነሣ። ከአባቱ ቀን ሥር የዛሬን ቀን ጻፈ፤ ከጎኑም ፊደሏን አስቀመጠ። እግሯ እንደ ላይኛዋ ተጎትታ ቀኑን አሰመረችው። ሁለቱን አጠገብ ላጠገብ ሲያያቸው የማንኛዋ የማን እንደሆነች የሚለየው ከቀኑ በቀር ምንም የለም።

ታይሳ በሩ ላይ መጥታ ቆመች። የታጠፈው ፎጣ ክንዷ ላይ ነው፤ ጥቁሩ ጅራት ከላይ ሆኗል።

በመተላለፊያው የቤቱ ስልክ መጮኽ ጀመረ። የግድግዳው ሰዓት ልክ ዐሥር ይላል። ስልኩ አራት ጊዜ ጮኸ፣ አምስት ጊዜ ጮኸ።

«አያነሡትም?» አለች።

ዲትማር ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሣና በአጠገቧ አልፎ ወደ ስልኩ ሄደ።