ሰርቲን፣ ሰርቲ እና ትንፋሼ

ሞጆ ውስጥ በአንድ የጭነት ድርጅት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የኮንቴይነር ቁጥር በራዲዮ ሳነብ ኖሬያለሁ። አንድም ቀን አልተሳሳትኩም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። ልዩ ነው ስሜ፤ ሾፌሮቹ ድምፄን ሲሰሙ «ልዩ ካለች አለቀ» ይሉ ነበር። ታዲያ ባለፈው ጥር አለቃችን አቶ ዱጋሳ ሰበሰቡንና ከእንግዲህ ቁጥር የሚነበበው ውጭ አገር ላለ ቢሮ፣ በስልክ፣ በእንግሊዝኛ ነው አሉን። ፈተና አለው። ያለፈ መስኮቱ አጠገብ፣ ማራገቢያው ሥር ይቀመጣል። የወደቀ ሜዳ ወጥቶ፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ የመኪና ታርጋ ይመዘግባል።

የሞጆን ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጉልበቴም ከሁለት ዓመት ወዲህ ከእኔ ጋር ተኳርፏል። እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን፣ ከፀሐዩም ከጉልበቴም በላይ ያንገበገበኝ «ልዩ ቁጥር አታውቅም» መባሉ ነው።

ስለዚህ ቅዳሜና እሑድ አዳማ እየሄድኩ መምህር ኪሩ ዘንድ መማር ጀመርኩ። አርባ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የመጀመሪያ ቀን፣ አንድ ቁጥር ሁለቴ ከተከታተለ «ደብል» እንደሚባል አስተማሩኝ። ወዲያው ዕድሜዬን በእንግሊዝኛ ጠየቁኝ። አርባ አራት ነኝ።

«ደብል ፎር» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ድረስ ሳቁ። ሴት ዕድሜዋን ተጠይቃ እውነቱን ስትናገር እንዲህ ይሳቃል እንዴ?

ዋናው ጣጣዬ ግን ሰርቲንና ሰርቲ ነበሩ። አሥራ ሦስትና ሠላሳ በአማርኛ ጭራሽ አይተዋወቁም፤ እንግሊዞች ግን መንታ አድርገዋቸዋል። መምህር ኪሩ አንድ ቁራጭ ወረቀት አፌ ፊት አስያዙኝ። ምላሴን በጥርሶቼ መሃል ብቅ አድርጌ «ሰ» ስል ወረቀቱ መርገብገብ አለበት።

«ሰርቲን ሲሆን መጨረሻውን ጎትቺው» ይሉኛል። «ሰርቲ ሲሆን መጀመሪያውን ረገጥ፣ መጨረሻውን ቶሎ ልቅቅ አድርጊው።»

ሚኒባስ ውስጥ ምላሴን አውጥቼ ስለማመድ አጠገቤ የነበሩ ሴትዮ ቦታ ቀየሩ።

በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ሌላ በሽታ ተገኘብኝ። «ገባሽ?» ሲሉኝ እንደማንኛውም ሰው ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አደረግኩ፤ አዎ ማለቴ ነው። ወረቀቱ ሄዶ ከንፈሬ ላይ ተለጠፈ።

«ተመልከቺ» አሉ። «ፈረንጅ በስልክ ይህን አይሰማም። ቢሰማም ያመመሽ ነው የሚመስለው። የስ በይ፤ ወደ ውጭ።»

«የስ» አልኩ።

«ጎሽ። አሁን ገባሽ?»

ወረቀቱ እንደገና ተለጠፈ።

የፈተናው ዕለት አቶ ዱጋሳ ስልኩን ድምፁን ከፍተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና ሕጉን ነገሩኝ። «ፈታኙ ሚስተር ጋድ ይባላል፤ ያለው ውጭ አገር ነው። አሥራ አራት ቁጥር ታነቢለታለሽ፣ እሱ ይደግመዋል፣ አንቺ ታረጋግጪለታለሽ። አሥራ አምስተኛውን እሱ ያነባል፣ አንቺ ትደግሚያለሽ፣ እሱ ያረጋግጣል። ማረጋገጫው ያልተሰማ ቁጥር ኤክስ ነው። ሦስት ኤክስ ካገኘሽ ሜዳ። አማርኛ ከተነፈስሽ ደግሞ እዚያው አበቃ።»

ሚስተር ጋድ በአፍንጫው ነው የሚያወራው፤ ቃሉን ሁሉ አኝኮ አኝኮ ነው የሚለቀው። ስድስቱን ቁጥር ያለ ችግር ተሻገርን። የሰባተኛው መጨረሻ አሥራ ሦስት ነበር፤ እሱ «ሰርቲ» ብሎ ደገመው።

«ኖ» አልኩ። «ሰርቲ-ን። ዋን ስሪ።»

«ኦኬ፣ ሰርቲን» አለ። ፈረንጅ ማረሜ እንዴት ደስ እንዳለኝ፤ በደስታዬ ትንፋሼን ሳብ አደረግኩለት።

«ሄሎ?» አለ።

ጠንከር አድርጌ ሳብኩለት።

«ሄሎ፣ አር ዩ ዜር?»

ደረቴ እስኪነፋ ሳብኩ።

«ማዳም፣ አር ዩ ሲክ?»

አቶ ዱጋሳ ኤክስ ጻፉ። አሥራ ሁለተኛው ላይም ያው ነገር ደረሰብኝና ሁለተኛውን ኤክስ ጻፉ። ያቺን ወረቀት ከቦርሳዬ አውጥቼ አፌ ፊት ያዝኩ። አቶ ዱጋሳ ጉድ እያሉ ያዩኛል፤ ይዩኝ። በቀጣዮቹ ሁለት ቁጥሮች ላይ «የስ» ስል ወረቀቱ ወደ ውጭ ተርገበገበ።

አሥራ አምስተኛው ቁጥር መጣ። ሰርቲንም ሰርቲም አለበት። ምላሴን ብቅ አደረግኩ፣ ጎተትኩ፣ ረገጥኩ፣ ለቀቅኩ። ጨረስኩና ማረጋገጫውን ጠበቅኩ። ቃል የለም። አቶ ዱጋሳ ሦስተኛውን ኤክስ ሊጽፉ እስክሪብቷቸውን አነሱ።

እኔ ግን አንድ ነገር ሰምቻለሁ። አሥራ አንድ ዓመት በራዲዮ ውስጥ የሾፌር ማዛጋት ሳይቀር ስሰማ የኖርኩ ሴት ነኝ። እጃቸውን ያዝኩና ወደ ስልኩ ጎንበስ ብዬ በእንግሊዝኛ እንዲህ አልኩት፤ «ሚስተር ጋድ፣ እባክህ የስ-ህን ድገመው። ጮክ አድርገህ።»

ከስልኩ ውስጥ ረጅም፣ ጥርት ያለ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ተሳበ።

አቶ ዱጋሳ ስልኩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ስልኩን አዩ። «አንተ ሰውዬ» አሉ በአማርኛ፣ «አገርህ የት ነው?»

የሚስተር ጋድ አፍንጫ በአንድ ጊዜ ተከፈተ። «ኩየራ» አለ። «ጋዲሳ ነው ስሜ፤ ጋድ ያሉኝ የቢሮው ሰዎች ናቸው። ስምንት ዓመት ሙሉ ይህ ትንፋሽ አምልጦኝ አያውቅም ነበር። እንዳልገባው ሰው ሄሎ ሄሎ ብልም፣ እናቴ ደጋግመው ሲስቡብኝ ጊዜ አሳሳቱኝ።»

እናቴ ማለቱን ይቅር ብዬዋለሁ። አቶ ዱጋሳ «አካም ጅርታ» ብለው በኦሮምኛ የቤተሰቡን ጤና መጠየቅ ጀመሩና ፈተናው ተረሳ። እኔ አልረሳሁም።

«የእሱ ትንፋሽ ከተቆጠረ የእኔም ሁለቱ ይቆጠሩ» አልኩ።

«አሥራ ሦስት ይበቃሻል» አሉ አቶ ዱጋሳ። «ሂጂ፣ ወንበርሽ ላይ ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ማራገቢያው አናቴ ላይ ይዞራል። እንባዬ መጣ፤ አላፍርበትም። መምህር ኪሩ ጋ ደወልኩ።

«ስንት አገኘሽ?» አሉኝ።

«ከአሥራ አምስት ሰርቲን።»

«ሰርቲ?» አሉ። «ከአሥራ አምስት እንዴት ተደርጎ ሰርቲ ይገኛል?»

አርባ ዓመት ያስተማሩ ሰው እኮ ናቸው።

«ሰርቲ-ን» አልኩ እየጎተትኩ። «ዋን ስሪ። አልፌያለሁ። አሁን ገባዎት?»

ከወዲያ በኩል ቃል አልመጣም። ወረቀት አፋቸው ፊት ይዘው ቢሆን ኖሮ ከንፈራቸው ላይ ይለጠፍ ነበር።