የናሙናው ሠርግ

ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃት «እማማ ፕሮግራም» በሚል ስም ነው። ስሙን ያወጡላት የአዳራሽ አስተናጋጆች ናቸው፤ ሠርግ በያዘች ቁጥር ወረቀቷን እያወዛወዘች «ፕሮግራሙን አታፋልሱብኝ» ማለት ትወዳለችና። ሙሽራው ቢያስነጥስ እንኳ «ይሄ ፕሮግራሙ ላይ የለም» ብላ የምትቆጣ ሴት ናት እያሉ ይቀልዱባታል። ቀልዱን ሰምታዋለች፤ ልክ ናቸው አለች እንጂ ቅር አላላትም። እንግዲህ ሥራዋን የምታውቅ ሰው ናት፤ ምን ዋጋ አለው፣ ሥራው ነው እሷን የረሳት።

ድሮ ቤተሰብ ከቤተሰብ ሲነጋገር ስሟ ይነሳና ሰው ይላክባት ነበር። ዛሬ ሙሽሮች ሠርግ አዘጋጅ የሚመርጡት ስልካቸውን እየደባበሱ ነው። ፎቅ ላይ ያለችው ጠባብ ቢሮዋ ዝንብ እሽ የሚባልባት ሆነች። የወንበር ልብሶቹ ጥጉን ይዘው ተከምረዋል፤ አርቴፊሻል አበባው አቧራ ጠግቧል፤ መስኮቱ አጠገብ አንድ ነጭ ቬሎ በላስቲክ እንደተሸፈነ ተንጠልጥሏል። ከጀርባ ባለችው ክፍል ልጇ ካውያ ይዛ ማንም ያልተከራየውን የጠረጴዛ ጨርቅ ትተኩሳለች። እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ብላ ነው እንጂ ጨርቁስ ትናንትም ተተኩሷል።

ልጅቷ ረዳቷም አንድዬ ልጇም ናት። ቀለበት ካሰረች ሰነባበተች። እጮኛዋ በመርከብ መካኒክነት ተቀጥሮ ሲሄድ «ትንሽ ጥሪት ልያዝና ተመልሼ እንጋባለን» ብሎ ነበር። መጀመሪያ በደረሰበት ወደብ ሁሉ ይደውል ነበር፤ ቀጥሎ ሲመቸው፤ አሁን አሁን መልእክት ስትልክለት እንኳ መልሱ ቆይቶ ቆይቶ ይመጣና «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ከማለት አያልፍም። ልጅቷ ቀለበቷን አላወለቀችም። በተጠየቀች ቁጥር «ይመጣል» ትላለች፤ በቃ፣ ከዚያ በላይ አንድ ቃል አትጨምርም። እናቲቱን ነገሩ ሌሊት ያገላብጣታል። የሰው ልጅ ስትድር የኖረች ሴት የራሷን ልጅ «ለመሆኑ የሚመጣ ይመስልሻል?» ብላ ለመጠየቅ አንደበቷ ተሳሰረ።

ብሎግ የሚባለውን ነገር ያመጣባት የጎረቤት ቢሮ የተከራየው ማስታወቂያ ሠሪ ነው። ልጅ እግር ነው፣ አፉ ስል፣ ልቡ ግን ጥሩ። ደንበኛ እንዲያገኝሽ ጻፊ ብሎ ገጽ ከፈተላት፤ እሷም የምታውቀውን ጻፈች። የአዳራሽ ውል ሲፈረም ምን ምን እንደሚጠየቅ ጻፈች። ዝናብ ቢመጣ ምን እንደሚደረግ ጻፈች። የሰከረ ሚዜ ከመድረክ በሰላም የሚወርድበትን ዘዴ ጻፈች፤ ይኼኛው በተለይ ከልቧ ነበር። ያነበበላት ሰው ቢኖር ታናሽ እህቷ ብቻ ናት፣ እሷም ተለምና። ማስታወቂያ ሠሪው አንድ ቀን ስልኩን ይዞ መጣና ይሄ ምክር ነው ወይስ ማስፈራሪያ ብሎ ሳቀባት። ሙሽራ ራሷን ማየት ነው የምትፈልገው አላት፤ ታሪክ ጻፊ፣ ፎቶ ይኑረው፣ ሴት ልጅ አንብባ ታልቅስ። እስቲ ከሠራሻቸው ሁሉ የማይረሳሽን ንገሪኝ አላት።

አላመነታችም፤ ድንገቴዋን ነገረችው። ድንገቴ የምትለው ሙሽራዋ ሳታውቅ የሚደገሰውን ሠርግ ነው። አንዲት ልጅ ነበረች፤ እጮኛዋ ከሩቅ አገር በድብቅ መምጣቱ ነው፣ ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል፣ እሷ ብቻ አታውቅም። «ለናሙና ፎቶ እንፈልግሻለን» ብለው ቬሎ ለኩላት። በዋዜማው ደግሞ የልጁን አክስት ልከው «አይመጣም፣ ሐሳቡን ቀይሯል» አስባሏት። አክስትየው እንባቸውን እያፈሰሱ ነበር የነገሯት፤ አለቃቀሱን ያለማመደቻቸው የእማማ ፕሮግራም ልጅ ናት። በማግስቱ ልጅቷ ለፎቶው አዳራሽ ገብታ ስታነባ በሩ ተከፈተና እጮኛዋ ገባ። ያን ቀን አዳራሽ ውስጥ ያላለቀሰ አልነበረም። ማስታወቂያ ሠሪው ጭኑን መታ። ጉዱ ግን ሙሽሮቹ ፎቷችን አይውጣ ብለው ነበርና ለገጹ የሚሆን አንድም ምስል የለም። እንግዲያው ናሙና ሠርግ አዘጋጁና አንሱ አላት፤ ሙያው ውስጥ ያለ ሁሉ የሚያደርገው ነው፣ ሥራ ሲጠፋ ሙሽራ ይፈጠራል።

ሙሽራ ከየት ይምጣ? እማማ ፕሮግራም ዓይኗ ልጇ ላይ አረፈ። ልጅቷ መጀመሪያ አሻፈረኝ አለች፤ ሳላገባ ቬሎ አለብስም ብላ ፊቷን አጠቆረች። እናቲቱ ሥራ ነው፣ ለቤታችን ነው ብላ ለመነቻት። ከዚያ ልጅቷ ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ እናቷን ትክ ብላ አይታ፣ ሳይታሰብ እሺ አለች። እንዲያውም ቬሎው ወገቧ ላይ ሰፍቷት ሲጠብላት ፈገግ ብላ ቆመች። እናቲቱ በእሺታዋ ደስ ብሏት ስለ ፈገግታው አልተጨነቀችም።

ሙሽራው ለሠርግ ወንበር የሚጭንላቸው ሠራተኛ ሆነ። የተዋሰው ሱፍ እጅጌው አጭር፣ ጫማው ለዓይን የማይመች፣ ፊቱም ከሙሽራ ይልቅ የተቀጣ ተማሪ ፊት ስለነበር ፎቶ አንሺው «አንተ ዙርልኝ» ብሎ ከጀርባው ብቻ አነሳው። ሙሽራዋን ግን ከፊት አነሳት። ከሩቅ የመጣ ሰው በር ላይ ቆሞ እንደምታዪው አስቢ አላት። ልጅቷ ወደ በሩ ቀና አለች፤ እንዲህ ዓይነት ሳቅ እናቷ ፊቷ ላይ ካየች ዘመን ሆኗታል። እናቲቱ አበባ የምታስተካክል መስላ ዞር ብላ ዓይኗን ጠረገች።

ማታውኑ ለመጻፍ ተቀመጠች። የድንገቴዋን ታሪክ ልጽፍ ብላ ጀመረች፤ እጇ ግን ወደ ቤቷ ወሰዳት። ባሕር ላይ የሚሠራ ወጣት ጻፈች። ቀለበቷን ሳታወልቅ የጠበቀች ልጅ ጻፈች። ከዚያ መጣ ብላ ጻፈች፤ ለማንም ሳይናገር፣ ሻንጣውን ይዞ፣ ቤተሰቡም ከእሷ ደብቆት። እውነቱን እንናገር ከተባለ ለደንበኛ ብቻ አልነበረም። የልጇ እጮኛ አይቶት ይንገብገብ፣ ሌላ ሰው ሊወስዳት ነው ብሎ ደንግጦም ቢሆን ይምጣ ብላ ነው። ልጅቷ ጽሑፉን ጠዋት ስልኳ ላይ አነበበችው። መጥታ እናቷን ጉንጯን ሳመቻትና ወደ ካውያዋ ተመለሰች።

ወይ ጽሑፍ! እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። እነዚያ የውልና የዝናብ ምክሮች የት ወደቁ? ስልኩ ፋታ አጣ። ደረጃውን ሲወጡ የሚስቁ ልጆች፣ ከኋላቸው እናቶቻቸው፣ ሁሉም «እንደዚያችኛዋ» የሚል ነበር። እውነት ነው ወይ ብለው ሲጠይቋት እማማ ፕሮግራም «ፎቶውን አላየሽም እንዴ?» እያለች ታልፋለች። ልጅቷም ተለወጠች። በልታ ጠገበች፣ ፀጉሯን ተሠራች፣ ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ስትሰማ ካውያዋን ታቆማለች። እናቲቱ ሥራው አነቃቃት ብላ አምላኳን አመሰገነች።

አንድ ከሰዓት በኋላ የልጅቷ እጮኛ እናት መጡ። ደረጃው አድክሟቸው በሩን ተደግፈው ቆሙ፤ ብብታቸው ሥር በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ሴትየዋ ከዚህ ቢሮ ከጠፉ ቆይተዋል፤ መንገድ ላይ እንኳ ሲገናኙ ወዲያ ማዶ ይሻገሩ ነበር። እማማ ፕሮግራም ስታያቸው ልቧ ዘለለ። ሊመጣ ነው ብላ አሰበች፣ አይቶታል፣ ደንግጧል፣ እናቱን ላከ። ወንበር ጎትታ አስቀመጠቻቸው፤ ውሃ ልትቀዳ ስትነሳ እጇን ያዟት።

ሳትጠሩኝ ደገሳችሁ ብዬ ልወቅስ አልመጣሁም፤ ጥፋተኞቹ እኛ ነን አሉ። የጎረቤት ልጅ ፎቶውን በስልክ አሳይታቸው ነበር፤ ዓይናቸው ደክሞ ጽሑፉን ማንበብ አልቻሉም እንጂ ሙሽራዋን ገና ከሩቅ ነው ያወቋት። ይኼን ሲሉ እንባቸው መጣ።

«ልጄ እዚያው ሰው አገር አግብቷል» አሉ። «ወልዷል፤ ልጁ ድክ ድክ ማለት ጀምሯል። ራሴ እነግራታለሁ፣ አንቺ እንዳትነግሪያት ብሎ አስማለኝ፤ ይኸው አልነገራትም። እኔ እናንተን እየሸሸሁ በሐፍረት ልሞት ነበር። ቬሎ ለብሳ ስትስቅ ሳያት እግዜር ካሳት ብዬ ተንበረከክሁ።»

እማማ ፕሮግራም ክው ብላ ቀረች። አላገባችም፣ ያ ወንበር ጫኝ ነው፣ ፎቶው የውሸት ነው ልትል አፏን ከፈተችና ወደ ጀርባ ክፍሉ ዞር አለች። ከጀርባ ክፍል የካውያው ድምፅ ቆሟል። መጋረጃው ተገለጠና ልጅቷ ብቅ አለች፤ ሁሉን ሰምታለች፣ ፊቷ ያስታውቃል።

አሮጊቷ ተነስተው አንገቷን አቅፈው ሳሟት፤ ጣቷ ላይ ያለውን ቀለበት እያሻሹ ይባርክልሽ አሏት። የራሳቸው ልጅ ያሰረው ቀለበት መሆኑን እንኳ አላወቁትም።

«ባልሽ ደህና ነው?» አሏት።

«ደህና ነው» አለች ልጅቷ። «ሥራ በዝቶበት ነው እንጂ ያገኙት ነበር።»

ጥቅሉን ተቀበለቻቸው፤ ብርጭቆ ነበር። አመሰገነቻቸው፣ ለልጅዎ ሰላም በሉልኝ አለቻቸው፣ ክንዳቸውን ይዛ ደረጃው አፍ ድረስ ሸኘቻቸው። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ እናቷ ግራ ገባት። እንባ ጠብቃ ነበር፣ ጩኸት ጠብቃ ነበር፣ ቢያንስ ራስን መሳት። ልጅቷ ግን ተመልሳ መጥታ በሩን ሳትዘጋ፣ በሩ ትይዩ ያለው ወንበር ላይ ቁጭ አለች። የቀሚሷን ጫፍ አስተካከለች። ፀጉሯን በእጇ ዳበስ ዳበስ አደረገች።

እማማ ፕሮግራም አጠገቧ ተንበረከከች። አሁኑኑ አወርደዋለሁ፣ ገጹንም እዘጋዋለሁ፣ ሥራውም ገደል ይግባ አለች። ልጅቷ የሰማቻት አልመሰለም። ፊቷ ላይ ያ የቬሎው ልኬት ጊዜ የታየው ፈገግታ ትንሽ ብቅ አለ።

«እማዬ» አለች ቀስ ብላ።

«ወዬ፣ የኔ ልጅ።»

«ሴትዮዋን አንቺ አይደለሽም የላክሻቸው?»

እማማ ፕሮግራም መጀመሪያ አልገባትም። ቀጥሎ ገባት።

«ለዚያች ልጅም ናሙና ነው ብለን አይደል ቬሎ የለካንላት» አለች ልጅቷ። «አንቺ ስትለምኚኝ ያኔውኑ ነቃሁብሽ። ጽሑፉን ሳነብማ እርግጠኛ ሆንኩ። አክስትየውን እኮ ያለማመድኳቸው እኔ ነኝ። አሁን የሱ እናት ሲያለቅሱ ሰምቼ፣ ከአክስትየውም ይበልጣሉ፣ ጎበዝ አልኩ በሆዴ። እኔም አላበላሽባቸውም ብዬ ነው እንደዚያ ያወራኋቸው።»

እናቲቱ የልጇን ሁለት እጆች ያዘች። ስንት ሙሽራ አስለቅሳ አስቃለች። ምናለ አዎ፣ እኔ ነኝ የላክኋቸው ብትላት፣ ለዛሬ ብቻ፣ ለዚች ሰዓት ብቻ።

«አልላክኋቸውም» አለች። «ምንም ያዘጋጀሁት ነገር የለም፣ ልጄ። የሚመጣ ሰው የለም።»

ልጅቷ አንገቷን ነቀነቀች፤ እሺ፣ ገብቶኛል፣ እንደዚያ ነው የሚባለው እንደማለት። ከታች ደረጃው ላይ የሰው ኮቴ ተሰማ፤ ቀጠሮ የነበራቸው ደንበኞች ናቸው። ልጅቷ ቀና ብላ ወደ በሩ ሳቀች።