የክሬኑ ኪሎና የእህቱ ወገብ

በግንባታ ዕቃ መጋዘኑ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። ከአለቃው እስከ ጥበቃው ድረስ ሁሉም «ክሬኑ» ነበር የሚለው። ሁለት ሰው ተጋግዞ የሚያነሳውን የሴራሚክ ካርቶን ብቻውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ እያፏጨ ደረጃ ይወጣል። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲጭንና ሲያወርድ አንድ ቀን «ወገቤን» ብሎ አያውቅም። ቁመቱ ግን አጭር ነው፤ አንድ ሜትር ከሰባ። ወደ ላይ ያላደገውን ወደ ጎን ያደገ ይመስል፣ ትከሻው ጠባብ በር ላይ ሰያፍ ካልሆነ አያሳልፈውም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ ለጤና ምርመራ ተሰለፈ። መጋዘኑ በየዓመቱ ሠራተኞቹን እንዲያስመረምር አዲስ መመሪያ ወጥቶ ነበርና አንዲት ወጣት ነርስ ሚዛንና የቁመት መለኪያ ይዛ መጣች። ግድግዳው ላይም አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለም ያለው ሰንጠረዥ ለጠፈች።

ክሬኑ ተራው ደርሶ ጫማውን አውልቆ ሚዛኑ ላይ ወጣ። ዘጠና አራት ኪሎ። ነርሷ ስልኳን ነካ ነካ አደረገችና «ሠላሳ ሁለት ነጥብ አምስት» አለች።

«ምኑ ነው ሠላሳ ሁለት?»

«ቢኤምአይዎ። ኪሎዎን ለቁመትዎ አካፍለን፣ የመጣውን እንደገና ለቁመትዎ ስናካፍለው የሚገኝ ቁጥር ነው። ከአሥራ ስምንት ተኩል እስከ ሃያ አምስት ጤናማ ነው። ሠላሳን ካለፈ ከልክ ያለፈ ውፍረት እንለዋለን።»

ክሬኑ ወደ ኋላው ዞረ። «ማን ነው ወፍራሙ?»

ሰልፉ በሳቅ አውካካ። ነርሷ ግን አልሳቀችም። «እርስዎ ነዎት» አለችና ከስሙ ጎን በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አደረገች።

ነገሩ ቀልድ ሆኖ ቢያልፍ ኖሮ ጥሩ ነበር። ግን በማግስቱ የመጋዘኑ ኃላፊ ቢሮው አስጠራው። ጠረጴዛው ላይ የስም ዝርዝር ተዘርግቷል።

«ቀይ ውስጥ ነህ» አለው፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳይነቅል። «በሦስት ወር ውስጥ ካልቀነስክ ከጭነት አንስቼ በር ላይ አስቀምጥሃለሁ።»

«ኧረ ጌታዬ፣ ምን ሆኜ? እኔን እኮ ጉንፋን እንኳ ይፈራኛል!»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ካርቶን እንደተሸከምክ ልብህ ቀጥ ብትል ለእህትህ ምን ልላት ነው?»

ክሬኑ ከቢሮው ሲወጣ እጁን ገልብጦ አየው፤ ሆዱን በቡጢ መታ መታ አደረገው። እንደ በር ጠንካራ ነው። የት ነው ያለው ይኼ ውፍረት የሚሉት?

ይባስ ብሎ ግራ ያጋባው የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ጉዳይ ነበር። ይህ ሰው ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዕቃ የሚመዘግብ፣ ሆዱ ከጠረጴዛው ጋር የሚገፋፋ፣ የጫማውን ክር ለማሰር ጎንበስ ሲል የሚያለከልክ ነው። ቁመቱ ከክሬኑ እኩል፣ ኪሎውም ቁርጥ ዘጠና አራት። ቁጥራቸው አንድ ሆነ! ክሬኑ «ይቺ ወረቀት እብድ ናት» ብሎ ሊያጣጥላት አፉን ሲከፍት፣ የግምጃ ቤቱ ሰው ክንዱን ያዝ አደረገው።

«አትስደባት ወንድሜ። እኔ በዚች ወረቀት ሰበብ ነው ሐኪም ቤት የሄድኩት። ደም ግፊቴ መቶ ሰማንያ ገብቷል። ስኳሬም ጫፍ ላይ ደርሷል። 'ትንሽ ቆይተህ ቢሆን በቃሬዛ ነበር የምትመጣው' አሉኝ። ያቺ ልጅ ነፍሴን ነው ያተረፈችው።»

ክሬኑ የከፈተውን አፍ ዘጋ። ወረቀቷ ውሸታም ብትሆን ኖሮ እፎይ ባለ ነበር። ግን እዚህ በዓይኑ ያየውን ሰው አድናለች። እንግዲያው እሱንም በሽታ ውስጥ ውስጡን እየበላው ይሆን? ከዚያች ቀን ጀምሮ ደረጃ በወጣ ቁጥር ቆም ብሎ የልቡን ትርታ ማዳመጥ ያዘ። ሰው የልቡን ትርታ አጥብቆ ካዳመጠ ደግሞ የሆነ ነገር መስማቱ አይቀርም።

ሳይውል ሳያድር ምግብ ቀነሰ። ቁርስ ተወ፤ ምሳውን በግማሽ አደረገ፤ እራቱን ለይስሙላ ነካ ነካ አድርጎ ይነሳል። አብራው የምትኖረው ታላቅ እህቱ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ በወላጆቻቸው ቤት አንድ ላይ ናቸው። መንገድ ዳር ባለችው ክፍል ልብስ ትሰፋለች፤ ከኋላ ባሉት ሁለት ክፍሎች ይኖራሉ። ሰሃኑን ሳይጨርስ ሲነሳ ደጋግማ አየችና «ሴት ወደድክ እንዴ?» አለችው።

«ኧረ እታለም፣ ተይኝ እስቲ። ወፍራም ነህ ብለውኛል።»

«ማን?»

«ወረቀቱ።»

ከስድስት ሳምንት በኋላ ነርሷ መዘነችው። ሰማንያ ስምንት ኪሎ። ሠላሳ ነጥብ አራት። ስድስት ኪሎ ጥሎም ከቀዩ አልወጣም! በዚያው ሳምንት፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ አንድ ካርቶን ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱ ከዳው። ካርቶኑ ከትከሻው ተንሸራቶ ወረደና ሴራሚኩ ደረጃው ላይ ተንኮታኮተ። ክሬኑ ስብርባሪው መሀል ቁጭ አለ። ጓደኞቹ ከበቡት፤ የሳቀ ግን አልነበረም፤ አለመሳቃቸው ከሁሉ በላይ አስፈራው።

ማታ ቤት ሲገባ እህቱ ፊቱን አይታ የስፌት መኪናዋን አቆመች። የሆነውን ሁሉ ነገራት።

«ና፣ እዚህ ቁም» አለችው። አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር አወረደች። ከመሳቢያዋም የደንበኞቿን ልክ የምትጽፍበትን አሮጌ ደብተር አወጣች። የእሱ ልክ ካለፈው ዓመት ጀምሮ እዚያ አለ፤ ሸሚዙንም ሱሪውንም የምትሰፋው እሷ ናትና። ክንዱን ለካች፤ ደረቱን ለካች፤ ወገቡን ለካች። ደግማ ለካች።

«ጉድ ነው» አለች። «ክንድህ አርባ ሁለት ነበር፤ ዛሬ ሠላሳ ዘጠኝ። ደረትህም ቀንሷል። ወገብህ አምና ሰማንያ አራት፣ ዛሬ ሰማንያ ሦስት። አንተ ሰውዬ፣ ውፍረትህን መቼ ቀነስክ? ክንድህን ነው የበላኸው!»

በማግስቱ ደብተሯን በብብቷ ሸጉጣ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ እሱን በእጁ ይዛ፣ ነርሷ ወደምትሠራበት ክሊኒክ ገሰገሰች። ክሬኑ አርባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ሲከተላት ግን ያጠፋ ተማሪ ይመስል ነበር። ሐኪሙ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። እህቱ ሳትቀመጥ ጀመረች።

«ዶክተር፣ ይኼን ልጅ ወፍራም ነህ ብላችሁ አጥንቱን ልታስቀሩት ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት ሰው ስለካ የኖርኩ ነኝ። ይኸው ደብተሩ!»

ሐኪሙ ደብተሩን ተቀብለው ገጹን በጥሞና አነበቡት። ከዚያ ክሬኑን ሸሚዙን አስወልቀው፣ የሆዱን ቆዳ በሁለት ጣታቸው ቆንጥጠው ያዙት። የሚያዝ ስብ አላገኙም።

«ልክ ነዎት» አሏት። «ሚዛን ጡንቻና ስብ አይለይም። ሁለቱም ለሱ ኪሎ ናቸው። ብዙ ሕዝብ ስንመዝን ቁጥሩ ጥሩ ይጠቁመናል፤ አብዛኛው ሰው እንደ ወንድምዎ ካርቶን ተሸክሞ አይውልማ። ነርሷ የለካችው በትክክል ነው። ግን ቁጥሩ 'ይኼን ሰው ጥራውና እየው' የሚል ማስታወሻ ነበር። ዝርዝሩ ወደ እኔ መምጣት ሲገባው አለቃው ጠረጴዛ ላይ አረፈ።»

«እና ደህና ነኝ ማለት ነው?» አለ ክሬኑ።

«ገና አልመረመርኩዎትም እኮ» አሉት ሐኪሙ።

እህቱ ግን አሸንፋለች። ደስታዋ ስላላስቀመጣት ጫማዋን አውልቃ ሚዛኑ ላይ ዘላ ወጣች። «እኔንስ እስቲ! እኔንም ወፍራም ይለኛል?» ሃምሳ አምስት ኪሎ፤ አንድ ሜትር ከስልሳ ሁለት። ነርሷ አስልታ «ሃያ አንድ! አረንጓዴ!» አለች።

«አየህ?» አለችው ወንድሟን፤ ወረቀቷን ስትረግም እንዳልቆየች፣ አሁን ያመሰገነቻትን ወረቀት በሙሉ ልቧ አመነች።

ሐኪሙ ቀጭን ክንዷንና ቀጭን እግሯን አዩ፤ ሰፊ ቀሚሷንም አዩ። «ሜትርዎን ያውሱኝ» አሉ። ነርሷ ወገቧን ለካች። ዘጠና ሁለት።

«ተሳስተሻል» አለች እህቱ። ሜትሩን ነጥቃ ራሷ ለካች። ዘጠና ሁለት። ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበችና እንደገና ለካች። ዘጠና አንድ ተኩል። የስንቱን ሰው ወገብ ስትለካ የኖረች ሴት፣ የራሷን መቼ እንደለካች ማስታወስ አቃታት።

«ወገብ ከቁመት እኩሌታ ባይበልጥ ይመረጣል» አሉ ሐኪሙ። «የእርስዎ እኩሌታ ሰማንያ አንድ ነው። ውሃ ውሃ ይልዎታል?»

«ሙቀቱ ነው እንጂ።»

ክሬኑ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ የሚቀመጠው ጆግ ትዝ አለው። በቀን ሦስቴ ስትሞላው አይቷል። «ይላታል፣ ዶክተር» አለ። እህቱ በዓይኗ ገረመመችው።

በነጋታው ሁለቱም ባዶ ሆዳቸውን መጥተው ደም ሰጡ። ውጤቱ ሲወጣ የክሬኑ ስኳር ምንም የለበትም፤ ደም ግፊቱ ብቻ ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ጨው ቀንስ ተባለ። የእህቱ ስኳር መቶ ዘጠና ስድስት ሆነ። ለማረጋገጥ በሌላ ቀን ደግመው ለኳት፤ ያው ነው። የስኳር በሽታ አለብዎት አሏት።

«ሃያ አንድ አይደለሁም እንዴ?» አለች በቀጭን ድምፅ። «አረንጓዴ አላላችሁኝም?»

ወደ ቤት ሲሄዱ የትኛውን መንገድ እንደያዙ ሁለቱም አላስተዋሉም። የጠፋቸው መንገዱ ብቻ አልነበረም። ታማሚው ደህና ሆነ፤ ደህናዋ ታማሚ ሆነች፤ ያው ቁጥር ደግሞ የግምጃ ቤቱን ሰው ከሞት መልሷል። ክሬኑ ሦስቱን ነገር አንድ ላይ ሊሸከም ሞከረ፤ አንዱን ሲያነሳ አንዱ ይወድቅበታል።

«እታለም፣ አሁን ማን ማንን ደግፎ ነው የሚሄደው?» አላት።

«ዝም ብለህ ሂድ» አለችው፤ ክንዱን ግን አልለቀቀችም።

ሐኪሙ ለመጋዘኑ ኃላፊ ደብዳቤ ጻፉ። ኃላፊው ሁለት ጊዜ አነበበው። «ቀይ ነው፣ ግን ደህና ነው? ምን ብዬ ነው የምመዘግበው?» ሲል ነርሷን ጠየቃት። እሷም «ሐኪም አይቶታል ብለው ይጻፉ» አለችው። ከዚያ በኋላ የማንንም ዝርዝር ለኃላፊው አልሰጠችም፤ ቀጥታ ወደ ሐኪሙ ነው የምትወስደው።

ክሬኑ ከጭነት ሳይነሳ ምሳውን በሙሉ ሰሃን መብላት ጀመረ፤ ጉልበቱም በሁለት ወር ውስጥ ተመለሰለት። ሐኪሙ ግን አንድ ነገር ነግረውት ነበር፦ ሸክሙን ያቆመ ዕለት ምግቡ አብሮ ካልቀነሰ፣ ያኔ ቁጥሩ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በየስድስት ወሩ ብቅ ይላል፤ በሄደ ቁጥርም ደህና ነህ ቢሉትም ልቡ አይረጋም።

የእህቱ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ክኒኗን ትውጣለች፤ ሱቋን ከመክፈቷ በፊት ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት በእግሯ ትሄዳለች። ከአራት ወር በኋላ ሚዛን ላይ ስትወጣ ሃምሳ አራት ኪሎ ሆነች።

«አንድ ኪሎ? ይኼን ሁሉ ተንከራትቼ አንድ ኪሎ?» ብላ ጮኸች። ወገቧ ግን ሰማንያ ስድስት ገብቷል፤ ስኳሯም መቶ ሃያ ስምንት ወርዷል። የግምጃ ቤቱ ሰው በበኩሉ አሥራ አንድ ኪሎ ጥሏል፤ ኪሎው ሲወርድ ግፊቱም አብሮ ወረደ። ለእሱ ሚዛኑ እውነቱን ተናገረ፤ ለእሷ ምንም አልተናገረም። ነርሷ ሁሉንም ነገር ጻፈች።

አንድ እሁድ ጠዋት ክሬኑ አብሯት ሊሄድ ወሰነ። የታመመች እህቱን ሊደግፋት ነበር ሐሳቡ። የመጀመሪያውን አስፋልት እያወሩ ሄዱ። ዳገቱ ላይ ሲደርሱ እሷ እርምጃዋን አፈጠነች። እሱ ግን መሀሉ ላይ ደረቱ ነደደ፤ እጁን ጉልበቱ ላይ ተክሎ ማለክለክ ጀመረ። ካርቶን መሸከም እንጂ ርቆ መሄድ ለካ አልለመደም። ቀና ሲል እህቱ ዳገቱ ጫፍ ላይ ቆማ ወገቧን ይዛ ታየዋለች፤ ትንፋሿ እንኳ አልተዛባም።

«ምን ሆነሃል አንተ?»

«እኔ እንጃ» አለ። «ደህና ነህ ብለውኝ ነበር።»

ወርዳ አጠገቡ መጣች። ላቡን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት። «ይኼንንስ ለዶክተሩ እንንገረው?»

«ተዪው እታለም» አላት፣ አየር እየሳበ። «ሌላ ቁጥር ያመጣብናል።»

ሳቀች፤ እሱም መሳቅ ሞከረ፤ ትንፋሹ ግን አላደረሰውም። ቀስ ብለው ዳገቱን ጀመሩት።